የድሮ ኮርቬት ኤሌክትሪክና ቫኪዩም ችግር አፈላለግ፣ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት

የድሮ ኮርቬት፣ የሼቭሮሌትን ስፖርት መኪና፣ ማደስ የጀመረ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ቀለሙና ስለ ሞተሩ ነው፣ እኔም እንደዛው ነበርኩ፣ ወራቴን የበላው ግን ኤሌክትሪኩና ቫኪዩሙ ነው። የማወራው ስለ ሦስተኛው ትውልድ ነው፣ ከ1968 እስከ 1982 ስለተሠራው፣ የፊት መብራቱ ተደብቆ ቆይቶ ማብሪያውን ስትስቡት ብድግ ስለሚለው። የኔ መኪና ሞተር አጥፍቼ ከሄድኩ በኋላ መብራቶቹ ቀስ እያሉ ራሳቸው ይነሱ ነበር፣ ጠዋት ስመጣ ሁለቱም ቆመው አገኛቸዋለሁ። መብራቱን የሚገፉትን ሁለቱንም አክቹዌተሮች በአዲስ ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም። ሪሌዎቹን፣ ቫኪዩሙን ወደ መክፈቻው ወይ ወደ መዝጊያው የሚያዞሩትን ቫልቮች፣ ቀየርኩ፣ ያው ነው። መጨረሻ ላይ የተገኘው ከዳሽቦርዱ ስር፣ ከመብራት ማብሪያው ጀርባ ያለች የጣት ርዝመት የማትሞላ የተሰነጠቀች ጎማ ቱቦ ነች። አሥር ደቂቃ ለክቼ ቢሆን ኖሮ የዛን ቀን ማታ ያልቅ ነበር። ስለዚ እዚ የምጽፈው በሙሉ አንድ ነገር ላይ የቆመ ነው፣ መጀመሪያ ለኩ፣ ከዛ ዕቃ ግዙ።

ሁለቱ ሲስተሞች የተለያዩ ይመስላሉ እንጂ አስተሳሰባቸው አንድ ነው። ምንጭ አለ፣ መንገድ አለ፣ ማብሪያ ማጥፊያ አለ፣ ሥራውን የሚሠራ ዕቃ አለ። ኤሌክትሪኩ ላይ ባትሪው ምንጭ ነው፣ ቫኪዩሙ ላይ ደሞ ሞተሩ ራሱ፣ አየር ሲስብ ኢንቴክ ማኒፎልዱ ውስጥ የሚፈጠረው ባዶነት ነው ምንጩ። እና የምትጠይቁት ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው፣ ከምንጩ የወጣው ነገር የት ጋ ነው የጠፋው? መንገዱን መሀል ላይ ቁረጡትና ለኩ፣ እዛ ጋ ደህና ከሆነ ችግሩ ከዛ ወዲያ ነው፣ ካልሆነ ወዲህ ነው፣ ከዛ የቀረውን ግማሽ ደሞ መሀሉን።

ከመጀመራችሁ በፊት የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። መልቲሜትር፣ ባለ 12 ቮልት ቴስት ላምፕ፣ የቫኪዩም ጌጅ፣ ጌጅ ያለው በእጅ የሚሳብ ቫኪዩም ፓምፕ፣ ቱቦ የማይቆርጥ መቆንጠጫ፣ ሦስት አራት ሜትር ረጅም ሽቦ፣ የቱቦ መድፈኛ፣ ምልክት የምትጽፉበት ተለጣፊ ወረቀት። ከዚህ ሁሉ በላይ ደሞ የመኪናችሁን ዓመት የሚመለከት የሽቦና የቱቦ ስዕል፣ የ1969ን ስዕል ይዛችሁ 1977 መኪና ላይ አትሥሩ፣ ብዙ ነገር ተቀይሯል። ቱቦም ሽቦም ከመንቀላችሁ በፊት ፎቶ አንሱ፣ ሁለቱም ጫፍ ላይ ምልክት ለጥፉ። ነገ አስታውሳለሁ ብላችሁ አትተዉት፣ ቱቦዎቹ ላይ የነበረው ባለቀለም መስመር ከ40 ከ50 ዓመት በኋላ ሁሉም ጥቁር ሆኗል።

ኤሌክትሪኩን አስቀድሙ

ምክንያቱም ሞተሩ በደንብ ሚኒሞ ላይ (ጋዝ ሳይረገጥ) ካልሠራ የቫኪዩም ልኬታችሁ በሙሉ ዋጋ የለውም።

1. ባትሪው። እዚህ መኪና ላይ ባትሪው ኮፈን ስር አይደለም፣ ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ ያለው ሳጥን ውስጥ ነው። ሁሌም ነጌቲቩን መጀመሪያ ፍቱ፣ ስትመልሱ መጨረሻ። ቻርጅ ተደርጎ ጥቂት ሰዓት ያረፈ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ሞተር እያስነሳችሁ ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ ወይ ባትሪው ደክሟል ወይ ሞቶሪኖው ከመጠን በላይ እየሳበ ነው። ሞተሩ ተነስቶ ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ካላገኛችሁ ዲናሞውን፣ ሬጉሌተሩንና በመሀል ያለውን ሽቦ ሳታጣሩ ወደ ሌላ ነገር አትሂዱ።

2. ማሳ፣ ማለትም ከረንቱ ወደ ባትሪው ነጌቲቭ የሚመለስበት መንገድ። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አንብቡ፣ ምክንያቱም ኮርቬትን ከሌላ መኪና የሚለየው ይሄ ነው። ቦዲው ፋይበርግላስ ነው፣ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። የብረት ቦዲ ያለው መኪና ላይ አንድ መብራት ባለበት ቦታ ቦዲውን ነክቶ ማሳ ያገኛል፣ ኮርቬት ላይ ግን እያንዳንዱ መብራት፣ እያንዳንዱ ጌጅ የራሱ የማሳ ሽቦ አለው፣ ያ ሽቦ ሄዶ ቻሲው ላይ ወይ ከፋይበርግላሱ ውስጥ ያለው የብረት አጽም ላይ ይታሰራል። ቀለም የቀባ ሰው ያችን የምትታሰርበትን ቦታ ሳይከልል አብሮ ቀብቷት ከሆነ፣ ወይ ዝገት ከገባባት፣ አለቀ፣ መብራቱ መመለሻ መንገድ ያጣል።

ማሳ የጠፋበት መኪና የሚያሳያቸውን ምልክቶች ካወቃችሁ ግማሹ ሥራ አለቀ። ፍሬን ስትረግጡ ፍሬቻው አብሮ ደብዘዝ ብሎ ይበራል። አንዱ የኋላ መብራት ከሌላው ይደክማል። የነዳጅ ጌጁ ከሙሉ በላይ አልፎ ይቆማል፣ ምክንያቱም የታንኩ ሴንደር (የነዳጁን መጠን ለጌጁ የሚነግረው ዕቃ) ባዶ ሲሆን 0 ኦም፣ ሙሉ ሲሆን 90 ኦም አካባቢ ነው፣ ማሳው ሲቆረጥ ጌጁ መጨረሻ የሌለው ሬዚስታንስ ያያል፣ ከሙሉም በላይ መስሎት ጥግ ድረስ ይሄዳል። እንዲህ ሲሆን ሴንደር ለመቀየር ታንክ ማውረድ የሚጀምሩ አሉ፣ አትቸኩሉ፣ አንድ ሽቦ ከሴንደሩ ማሳ ወደ ቻሲው አገናኙና ጌጁን እዩ።

ማሳን በኦም መለካት ብዙም አያስተማምንም፣ አንድ ክር የቀረው ሽቦ ሳይጫን ደህና ይመስላል። በጭነት ለኩት። መልቲሜትሩን ቮልት ላይ አርጉ፣ ጥቁሩን በረጅሙ ሽቦ የባትሪው ነጌቲቭ እግር ላይ እራሱ ላይ (ተርሚናሉ ላይ ሳይሆን)፣ ቀዩን የመብራቱ ማሳ ሽቦ ላይ፣ ከዛ መብራቱን አብሩ። ከ0.1 ቮልት ብዙም ማለፍ የለበትም። 0.5 ወይ 1 ቮልት ካያችሁ ያ ቮልት መብራቱ ላይ መድረስ ሲገባው መንገድ ላይ እየቀረ ነው። ያው ልኬት ለሞተሩ ደሞ ቀዩን ሞተሩ ብረት ላይ አርጋችሁ እያስነሳችሁ፣ እዚህ ከ0.2 እስከ 0.3 ቮልት ድረስ ችግር የለውም። ከዛ ካለፈ ከሞተሩ ወደ ቻሲ የሚሄደው የማሳ ገመድ የለም ወይ በልቷል። የሞተር እድሳት ላይ ይሄ ገመድ ተረስቶ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው፣ ያኔ ከረንቱ በጋዝ ገመዱ በኩል መንገድ ይፈልጋል፣ ገመዱ ይሞቃል፣ ይነክሳል።

ስታስተካክሉ ቡሎኑን ፍቱ፣ የሚነካካውን ብረት በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ጥረጉ፣ መልሳችሁ ጠብቅ አርጋችሁ እሰሩ፣ ከላዩ ግሪስ ነገር ቀቡት። ሁሉንም፣ አንድም ሳይቀር። ግማሽ ቀን ይወስዳል፣ ግን ከዛ በኋላ የምትለኩት ነገር በሙሉ የሚታመን ይሆናል።

3. ፊውዝና ፊውዚብል ሊንክ። ፊውዝን በዓይን አታጣሩ፣ ቴስት ላምፑን ሁለቱም ጫፍ ላይ አስነኩ፣ ሁለቱም ላይ መብራት አለበት። ፊውዚብል ሊንክ የሚባለው ደሞ ሞቶሪኖው አካባቢ ከዋናው ሽቦ ጋር የተቀጠለ ቀጠን ያለ ሽቦ ነው፣ ሲቃጠል ውስጡ ብቻ ተበጥሶ ላስቲኩ ሙሉ ሆኖ ይታያል። በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡት፣ እንደ ላስቲክ ከተለጠጠ ውስጡ ሽቦ የለም። በተራ ሽቦ እንዳትተኩት፣ እዛ ቦታ የተቀመጠው መኪናው እንዳይቃጠል ነው፣ ፋይበርግላስ ደሞ አንዴ እሳት ከያዘው በቀላሉ አይጠፋም።

ከፊውዝ ሳጥኑ ጀርባ ሽቦው ግድግዳውን አልፎ ወደ ሞተር ክፍሉ የሚያልፍበት ትልቅ ሶኬት አለ። ፍቱትና ተርሚናሎቹን እዩ፣ አረንጓዴ ዝገት ወይ የቀለጠ ፕላስቲክ ካለ የምታሳድዱት ችግር እዛው ሊሆን ይችላል፣ በተለይ እየመጣ የሚሄድ ችግር ከሆነ።

4. ባትሪ ጨራሽ። መኪናው ሦስት ቀን ቆሞ ባትሪው ካለቀ፣ ነጌቲቩን ፍቱና መጀመሪያ ቴስት ላምፑን በእግሩና በገመዱ መሀል አስገቡ። ደምቆ ከበራ ትልቅ ነገር እየሳበ ነው። ካልበራ አምፔር ላይ ባደረጋችሁት መልቲሜትር ቀይሩት፣ ከ50 ሚሊአምፔር በታች መሆን አለበት። መልቲሜትሩ መሀል ላይ እያለ ግን ሞተር ለማስነሳት እንዳትሞክሩ፣ ውስጡ ያለው ፊውዝ ወዲያው ነው የሚሄደው። የበሩን መብራት ማጥፊያ ተጭናችሁ ያዙ፣ ከዛ ፊውዝ አንድ በአንድ ንቀሉ፣ ቁጥሩ የወረደበት ፊውዝ መንገዱን ያሳያችኋል። ምንም ፊውዝ ካልቀየረው የዲናሞውን ወፍራም ሽቦ ፍቱ (መጀመሪያ ባትሪውን ለዩ)፣ ውስጡ ያለው ዳዮድ ሲበላሽ ቀን ከሌት ያፈሳል።

5. ማቀጣጠያው። እስከ 1974 ድረስ ፕላቲን (ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ የሚከፈትና የሚዘጋ መነካኪያ) ያላቸው መኪኖች ላይ ወደ ኮይሉ የሚሄደው ሽቦ ራሱ ሬዚስታንስ አለው፣ ሞተሩ ሲሠራ ኮይሉ ሙሉ 12 ቮልት እንዳያገኝ። ሲነሳ ብቻ ከሞቶሪኖው ሶሌኖይድ በሌላ ሽቦ ሙሉውን ያገኛል። እንግዲህ ሞተሩ ቁልፉን ስታዞሩ እየተነሳ ልክ ስትለቁት ቀጥ ካለ መጀመሪያ የሬዚስታንስ ሽቦውን እዩ፣ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። ከ1975 ጀምሮ የመጣው ኤሌክትሮኒክ ዲስትሪቢዩተር ደሞ ሙሉ 12 ቮልት ይፈልጋል። የድሮ መኪና ላይ አዲሱን ዲስትሪቢዩተር ገጥመው ከድሮው የሬዚስታንስ ሽቦ ኤሌክትሪክ የሰጡት ብዙ አይቻለሁ፣ ሚኒሞ ላይ ደህና ይመስላል፣ ጋዝ ሲሰጡት ይንተፋተፋል፣ ከዛ ካርቡሬተሩ ላይ ይፈረዳል። ተርሚናሉ ላይ ቮልት ለኩ፣ በቃ።

አሁን ቫኪዩሙ

ሞተሩን አሙቁት፣ ጌጁን ቀጥታ ማኒፎልዱ ላይ ካለው ቀዳዳ ጋር አገናኙ፣ ከካርቡሬተሩ የላይኛው ቀዳዳ ጋር አይደለም፣ እሱ ሚኒሞ ላይ ምንም አያሳይም። ጤነኛ ሞተር በባህር ጠለል ላይ ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ላይ ሳይንቀጠቀጥ ይቆማል። ከፍታ ቦታ ላይ ካላችሁ በየ300 ሜትሩ አንድ ኢንች ያህል ቀንሱ፣ 2,000 ሜትር ላይ 14 ማየት በሽታ አይደለም። መርፌው ጸጥ ብሎ ግን ዝቅ ካለ አየር የሚስብ ቦታ አለ ወይ ታይሚንጉ (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ጊዜ) ዘግይቷል። በየተወሰነ ምት ቆረጥ እያለ ከወረደ ቫልቭ ነው። 2,500 ዙር ላይ ይዛችሁት ቀስ በቀስ እየወረደ ከሄደ ጭስ ማውጫው ተደፍኗል። ሞተሩ ላይ የውድድር ካምሻፍት ከተገጠመ 10 ወይ 12 ብቻ ልታገኙ ትችላላችሁ፣ ያኔ መብራቱም ፍሬኑም ቢደክም የቱቦ ጥፋት አይደለም።

ዝቅ ካለ ከማኒፎልዱ የሚወጡትን ቱቦዎች በሙሉ ንቀሉና ቀዳዳዎቹን ድፈኑ። ጌጁ ከፍ ካለ አንዱ ቱቦ ጋ ነው፣ አንድ በአንድ መልሱና ሲወርድ ያዙት። ካልተነቃነቀ የካርቡሬተሩ ስር ወይ የማኒፎልዱ ጋስኬት ነው። ይሄን ለማግኘት ብዙ ሰው ካርቡሬተር ማጽጃ ስፕሬይ ይረጫል፣ እኔ አልመክርም፣ የጋለ ማኒፎልድና የሚያፈስ ካንዴላ ገመድ ባለበት ቦታ እሳት መጋበዝ ነው። የጭስ ማሽን ካገኛችሁ እሱ የተሻለ ነው፣ ካልሆነ አንድ ሜትር ቱቦ አንዱን ጫፍ ጆሯችሁ ላይ ሌላውን ጋስኬቱ ዙሪያ እያዞራችሁ ስሙ፣ ሽሽታው በደንብ ይለያል። ፋንና ቤልቱን ተጠንቀቁ፣ ቦታው አየር የሚያልፍበት ይሁን።

የዲስትሪቢዩተሩን የቫኪዩም አድቫንስ (ታይሚንጉን በቫኪዩም የሚያስቀድመውን ዕቃ) በእጅ ፓምፕ 15 ኢንች ስጡት፣ አንድ ደቂቃ ሳይወርድ መቆየት አለበት። የፍሬን ሰርቮው ቀላል ነው፣ ሞተር አጥፉ፣ ፔዳሉን አራት አምስቴ ረግጣችሁ ባዶ አድርጉት፣ ረግጣችሁ እንደያዛችሁ ሞተር አስነሱ፣ ፔዳሉ ትንሽ ወደታች መስመጥ አለበት። ካልሰመጠ እስኪጠገን አትንዱት። አውቶማቲክ ካምቢዮ ካለው ደሞ ወደ ካምቢዮው ሞዱሌተር የሚሄደውን ቱቦ ንቀሉና ውስጡን እዩ፣ የካምቢዮ ዘይት ካለበት ዲያፍራሙ ተቀዷል፣ ሞተሩ ዘይቱን እየጠጣ ነጭ ጭስ የሚያወጣው ለዚህ ነው፣ ስንቱ ሞተር በዚህ ምክንያት ያለ ጥፋቱ ተፈቷል።

የፊት መብራቱ

ከዚህ በፊት የነበረው ትውልድ በኤሌክትሪክ ሞተር ነበር መብራቱን የሚያዞረው፣ ከዚህ በኋላ የመጣውም ወደ ኤሌክትሪክ ተመልሷል፣ ይሄኛው ብቻ ነው በቫኪዩም የሚሠራው። አሠራሩ ካልገባችሁ ጭራሽ አትነካኩት፣ ስለዚ ልንገራችሁ። ከማኒፎልዱ ቫኪዩም ይወጣል፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያስተላልፍ ቼክ ቫልቭ ያልፋል፣ ታንክ ውስጥ ይጠራቀማል። ከታንኩ ሁለት ዓይነት መንገድ አለ። ወፍራሙ ወደ ሪሌዎቹ ሄዶ አክቹዌተሩን የሚጎትተው ኃይል ነው። ቀጭኑ ደሞ ትእዛዝ ነው፣ ወደ መብራት ማብሪያው ይገባል፣ ከመሪው ስር ባለችው በእጅ ማንሻ በኩል አልፎ ወደ ሪሌዎቹ ይሄዳል። ዋናው ቁም ነገር ይሄ ነው፣ መብራቱ ሲጠፋ ትእዛዙ መስመር ላይ ቫኪዩም አለ፣ ሪሌው ተስቦ መብራቱን ዘግቶ ይይዛል። ማብሪያውን ስትስቡት ያ ቫኪዩም ይለቀቃል፣ ሪሌው በስፕሪንጉ ተመልሶ ኃይሉን ወደ መክፈቻው ያዞረዋል። ማለትም ትእዛዙ መስመር ላይ ቀዳዳ ካለ መኪናው መብራት የጠየቃችሁት ይመስለዋል፣ ያነሳቸዋል። የኔ ችግር ይሄው ነበር።

ስለዚ መጀመሪያ ጠይቁ፣ አንዱ ጎን ነው ወይስ ሁለቱም? አንዱ ብቻ ከሰነፈ የዛ ጎን አክቹዌተር፣ ሪሌ ወይ ማጠፊያው ነው። ሁለቱም ከሆነ የጋራ ነገር ነው፣ ምንጩ፣ ቼክ ቫልቩ፣ ታንኩ ወይ ትእዛዙ። ጋዝ ስትረግጡ ብቻ የሚንቀጠቀጡ ከሆነ ቼክ ቫልቩ ነው፣ ምክንያቱም ጋዝ ሙሉ ሲከፈት ማኒፎልዱ ውስጥ ያለው ቫኪዩም ወደ ዜሮ ይጠጋል፣ የታንኩ እንዳይመለስ የሚይዘው እሱ ብቻ ነው።

ታንኩን ለማጣራት ጌጁን በቲ (ሦስት አፍ ባለው ማገናኛ) ታንኩ ጋ አገናኙ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ ቁጥሩን እዩ። ቶሎ ከወረደ ከታንኩ የሚወጣውን ቱቦ ቆንጥጡ። አሁንም ከወረደ ታንኩ ወይ ቼክ ቫልቩ ነው፣ ከቆመ ወደፊት ሂዱ። ቀጥሎ ትእዛዙን፣ ሪሌው ላይ የምትገባውን ቀጭን ቱቦ ንቀሉና ጌጅ ግጠሙባት፣ ሞተር እየሠራ መብራት ጠፍቶ ከምንጩ ጋር እኩል ማሳየት አለባት፣ ማብሪያው ሲሳብ ዜሮ። እኩል ካልሆነ የእጅ ማንሻዋን ዝለሏት፣ ሁለቱን ቱቦ ቀጥታ አገናኙ። ከተስተካከለ እሷ ነች። ካልተስተካከለ ደሞ ማብሪያውን ዝለሉት። ማብሪያው ጀርባ ያለችው የቫኪዩም ቫልቭ ብዙ ጊዜ ታፈሳለች።

አክቹዌተሩ ሁለት ቀዳዳ አለው፣ አንዱ ይከፍታል አንዱ ይዘጋል። ሁለቱንም በየተራ በእጅ ፓምፕ ሳቡ፣ ሁለቱም መያዝ አለባቸው። አንደኛው ብቻ የሚያፈስ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ዘንጉ የሚወጣበት ጋ ያለው ጎማ አልቋል፣ ዲያፍራሙ ላይሆን ይችላል። እጃችሁን ግን መብራቱና ኮፈኑ መሀል አታስገቡ፣ ታንኩ ውስጥ የቀረው ቫኪዩም ሞተር ጠፍቶም ይዘጋዋል። ሁሉም ነገር ከያዘና አሁንም ከሰነፈ ዘንጉን ፍቱና መብራቱን በእጃችሁ አንሱ አውርዱ፣ ቡሺንጉ በልቶ ወይ ደርቆ ከሆነ ወዲያው ይሰማችኋል።

እስከ 1972 ያሉት ላይ የዝናብ መጥረጊያውን የሚሸፍነው ክዳንም በዚሁ ቫኪዩም ነው የሚከፈተው፣ እሱም ካፈሰ መብራቱን አብሮ ያደክማል። ስለዚ መብራት እየፈለጋችሁ የክዳኑን ቱቦ ቆንጥጣችሁ ሞክሩ። የአየር ማቀዝቀዣው መክፈቻዎችም እንደዛው።

ሁለቱ ሲስተም የሚገናኙት መብራት ማብሪያው ላይ ነው፣ አንድ እጀታ ኤሌክትሪኩንም ቫኪዩሙንም ይዟል። ተነስቶ ካልበራ ቱቦ አትንኩ፣ ኤሌክትሪክ ነው፣ ከማሳ ጀምሩ። በርቶ ካልተነሳ ፊውዝ አትንኩ። በርቶ እየጠፋ እየበራ ከሆነ ማብሪያው ውስጥ ያለው ሰርኪዩት ብሬከር ከመጠን ያለፈ ከረንት አይቶ እየቆረጠ ነው፣ የተቃጠለ አምፖል ሳይሆን የሚነካካ ሽቦ ወይ ከልክ በላይ ትልቅ አምፖል ፈልጉ።

ሲያልቅ ቱቦዎቹን በአዲስ ቀይሩ፣ የደረቀውን ጫፍ ቆርጦ መልሶ ማስገባት ለአንድ ሳምንት እንጂ ለዓመት አይሆንም። ከዛ ግማሽ ሰዓት ንዱት፣ መብራቱን ዘግታችሁ አጥፉት፣ የታንኩን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ጠዋት ሞተር ሳታስነሱ ቁጥሩን እንደገና እዩ። የቀየራችሁትን ሁሉ ስዕሉ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አርጉበትና ከወንበሩ ጀርባ ካሉት ሳጥኖች በአንዱ ውስጥ አስቀምጡት፣ ነገ መኪናውን የሚከፍተው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።